ወፍራም ቡና በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። 27 ዓመቴ ነው፤ ሐዋሳ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ተፈትኜ ነበር። በራይቲንግ (በጽሑፍ ክፍሉ) 5.5 አመጣሁ፤ የሚፈለገው 6.5 ነው። ከፈተናው በፊት ከቴሌግራም ያወረድኩትን የ3,500 ቃላት ፒዲኤፍ ከነትርጉሙ ሸምድጄዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እንቅልፌን ትቼ ነው ያጠናሁት። ልጽፍ ስቀመጥ ግን ግማሹ ድራሹ ይጠፋል። ትዝ ያለኝን ብጽፍም ውጤቱ ይኸው ነው። ስንት ቃል ልጨምር? እንዲያዩልኝ አንድ አንቀጽ አያይዣለሁ።
ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንቀጽህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አምስት ወር የደከምክበት መሆኑ ከየመስመሩ ይታያል። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ። ለጊዜው አንድም አዲስ ቃል አትጨምር። ቃላት በበቂ አሉህ። እያንዳንዱ ቃል ከማን ጋር እንደሚውል ግን ፒዲኤፉ አልነገረህም።

አንዱን ዓረፍተ ነገርህን እንይ። መንግሥት የከተማችንን መንገዶች አሚሊዮሬት ማድረግ አለበት ብለሃል። ፒዲኤፉ ላይ አሚሊዮሬት "አሻሻለ" ተብሎ ተተርጉሟል። መንገድም ይሻሻላል። ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? በእንግሊዝኛ አሚሊዮሬት የሚደረገው የከፋ ነገር ነው፤ ስቃይ፣ ድህነት፣ የተጎሳቆለ ኑሮ። መንገድ ሪፔር ይደረጋል፣ አፕግሬድ ይደረጋል፣ ኢምፕሩቭ ይደረጋል። ኢምፕሩቭን ትተህ አሚሊዮሬትን የመረጥከው ከበድ ያለ ቃል ውጤት ያመጣል ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። አራሚው ግን ቃሉን ከዝርዝር እንዳመጣኸው ወዲያው ያውቃል።

ይህን ነገር በአማርኛ አሳምረህ ታውቀዋለህ። እንጀራ ይጋገራል። ቡና ይፈላል። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቅቤ ይነጠራል። አንድ የውጭ አገር ሰው "የቤቱ እመቤት እንጀራ ቀቀሉልኝ" ቢልህ ሐሳቡ ይገባሃል። ጆሮህን ግን ይቆረቁርሃል። እነዚህን ጥንዶች ማንም ቁጭ አድርጎ አላስጠናህም። ማጀት ውስጥ ሲባል እየሰማህ ነው ያደግከው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ነው። መምህራኑ ኮሎኬሽን ይሉታል።

ቡና ካነሳን አይቀር፣ እኛ ጠንከር ያለውን "ወፍራም ቡና" እንላለን። የሳሳውን "ቀጭን"። ቃል በቃል ብትወስደው ቲክ ኮፊ ይሆናል፤ ሰሚው የሚታየው እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር ነው። እነሱ ስትሮንግ ኮፊ ይላሉ። ቀጭኑን ዊክ። ዝናብ ግን ስትሮንግ አይባልም፤ ሄቪ ነው። ነፋስ ላይ ተመልሶ ስትሮንግ ይመጣል። ውሳኔ እኛ "እንሰጣለን"፤ እነሱ ሜክ ይላሉ። ምክር ላይ ግን ገጥመናል፤ እነሱም እንደኛ ይሰጣሉ፣ ጊቭ ነው የሚሉት። ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ ብዙ አትመራመር። እንደ ሰው ስም የሚለመድ ነገር ነው።

የፈተናውም አካሄድ ይህንኑ ይከተላል። የአይልትስ ራይቲንግ በአራት መስፈርቶች ይታረማል፤ አራቱም እኩል ድርሻ አላቸው። አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው። የባንድ 7 (የ7 ነጥብ ደረጃ) መግለጫ እምብዛም ያልተለመዱ ቃላትን ሲጠይቅ ኮሎኬሽንንና የአጻጻፍ ስልትን አብሮ ያነሳል። ብርቅ ቃል ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ያለቦታው የገባ ብርቅ ቃል እንዲያውም ይጎዳሃል።

ሁለተኛው ነገር የቃሉ ጠባይ ነው። ደሴ ሳስተምር አንድ ተማሪ ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚልከውን ደብዳቤ አምጥቶ "እትዬ፣ አንዴ ይዩልኝ" አለኝ። ስለ አባቱ ጽፏል። አባቱ እህል ነጋዴ ናቸው፤ በአካባቢው ሰው ሁሉ በሚዛናቸው ይተማመናል። ልጁ "አባቴ በከተማችን ኖቶሪየስ ነጋዴ ነው" ብሎ ጽፏል። መዝገበ ቃላቱ ኖቶሪየስን "የታወቀ" ብሎ ብቻ አልፎታል። ኖቶሪየስ ግን በክፋት፣ በወንጀል ወይም በመጥፎ ሥራ የታወቀ ነው። አባቱን ሊያከብር የጻፈው ቃል አባቱን ቀማኛ አደረጋቸው። ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሰርዞ ሪስፔክትድ፣ የተከበረ፣ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ "ትርጉሙ ምንድነው?" ብቻ ለሚለኝ ተማሪ መልሼ "ለሙገሳ ነው ለነቀፋ?" ብሎ እንዲጠይቀኝ አደርጋለሁ። እኛም እኮ ቀጭንን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል አንጠራውም። ሸንቃጣ ካልናት አድንቀናታል። ከሲታ ካልናት አዝነንላታል ወይም ነቅፈናታል። ስሌንደርና ስኪኒ እንደዚያ ናቸው።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርቱ ደግሞ ላቲን ነበር። ሕዝቡ የራሱን ቋንቋ ይዞ ቀጠለ። ዛሬ ለአንድ ሐሳብ ሁለት ሦስት ቃል የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። ሄልፕ የሕዝቡ ነው፣ አሲስት ከላይ የመጣ። ባይና ፐርቼዝም እንደዚሁ። እኛ ዘንድ ግዕዝ የያዘውን ቦታ እነሱ ዘንድ ላቲንና ፈረንሳይኛ ይዘውታል። ቤትህ ገብተህ እህትህን "ማይ አምጪልኝ" አትላትም፤ ውሃ ነው የምትለው። ጠበልና ቅዳሴ ባለበት ግን ማይ ያምራል። አንቀጽህ ውስጥ ስድስት መስመር ላይ ፕሌቶራ፣ ሚሪያድ፣ ዩቲላይዝ፣ ኮሜንስ ተደርድረዋል። ሁሉም ማይ ናቸው። አንዱን ብቻ እንዳለ ተወው፣ ሌሎቹን ወደ ውሃ መልሳቸው።

አሁን ሥራው። አንድ ወፍራም ደብተር ግዛ። ለአንድ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ ስጠው። እንደ ምሳሌ የራስህን መሥሪያ ቤት ቃል ሚቲጌትን እንውሰድ። ባንክ ውስጥ ሪስክ ሚቲጌሽን ሲባል ሳትሰማ አትውልም። ገጹ አናት ላይ ቃሉን ጻፍ። ከሥሩ ቤተሰቡን ጻፍ፤ ሚቲጌት፣ ሚቲጌሽን፣ ሚቲጌቲንግ። ቀጥሎ ጓደኞቹን፤ ሪስክ፣ ኢፌክት፣ ኢምፓክት፣ ዳሜጅ። ሚቲጌት የሚደረገው ጉዳት ነው፤ ጉዳቱ ይቀልላል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከአማርኛው "አስወገደ" ብለህ ሳይሆን "አቀለለ" ብለህ ያዘው። ሕግ ያጠና ጓደኛ ካለህ ጠይቀው፤ "የቅጣት ማቅለያ" የሚሉት በእንግሊዝኛ ከዚሁ ቃል ነው የሚመጣው። "ማክበጃ"ው ደግሞ አግራቬቲንግ ነው። ተቃራኒውንም በዚያው አገኘህ። ግርጌ ላይ ጠላቱን ጻፍ፤ ሚሊቴት የሚባል መሳይ ቃል አለ፣ አጌይንስትን ያስከትላል፣ ትርጉሙም እንቅፋት ሆነ ነው። ብዙ እንግሊዛውያን ራሳቸው ሁለቱን ያምታታሉ። በመጨረሻ ከራስህ ሕይወት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከራስህ ይሁን እባክህ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ምሳሌ አይጣበቅም። "ቅርንጫፋችን የመብራት መቆራረጥ ያመጣውን ችግር በጄኔሬተር አቀለለ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፈው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቃሉ ራሱ ይመጣልሃል።

አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አዎ፣ ብዙ ነው። ግን ከአንድ ገጽ የምታገኘው ቃል በፈተና አዳራሽ ከድቶህ አይጠፋም።

የትኞቹን ቃላት ልምረጥ ካልክ፣ ያንን ፒዲኤፍ ለጊዜው አስቀምጠው። ኤቭሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ውስጥ ከአሥሩ ቃል አንዱ ገደማ ከእነዚህ ነው። ፋይናንስ፣ ኢንቨስት፣ ክሬዲት፣ ፖሊሲ እዚያ ውስጥ አሉ፤ ስለዚህ ከዜሮ አትጀምርም። በነጻ ይገኛል። በየሳምንቱ ለአምስቱ ሙሉ ገጽ ስጣቸው። ቀድመህ የምታውቃቸውን ቃላት ግን ጓደኞቻቸውን ብቻ አጣርተህ እለፋቸው።

የመርሳቱን ነገር ደግሞ እንዲህ አስበው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ራሱን እየፈተነ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። አብዛኛው የሚረሳው ባጠናንበት ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ አንተ ማታ 40 ቃል አጥንተህ ጠዋት ቢጠፋብህ ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። በጊዜ አለመከለስህ ነው። የጫማ ካርቶን ውሰድና በወረቀት አራት ክፍል አድርገው። ቃሎችህን በትንንሽ ካርድ ጻፋቸው። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየሳምንቱ፣ አራተኛውን በየወሩ ክለስ። ካርዱን ካወቅከው ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፍ። ከሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ዘዴው ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 ያስተዋወቀው ነው። በስልክ የሚሠሩት አንኪን የመሳሰሉ አፖችም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሄዱት። እኔ ግን በእጅ የጻፍኩትን እመርጣለሁ። ካርዱ ፊት ላይ ደግሞ ነጠላ ቃል አትጻፍ። ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ጻፍና ባዶውን ሙላ። ስትጽፍ የሚጠፉብህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተለማምደህ ስለማታውቅ ነው። እስካሁን ያጠናኸው ቃሉን አይቶ ትርጉሙን ማስታወስን ብቻ ነው።

መንገዱን የተመለከተውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጽፈህ ላክልኝ። አሚሊዮሬትን መጠቀም ከፈለግክ በመንገዱ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች ኑሮ አስገባበት፤ ያኔ ቦታውን ያገኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ነዎት? እኔ ያለሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ነርሲንግ ልጀምር ነው። መጽሐፉን ከፍቼ የቃላቱን ርዝመት ሳይ ሆዴ ባባ። በቀን ሁለት ፈረቃ (ደብል) እየሠራሁ ይህን ሁሉ መቼ ነው የማጠናው?
የደከማት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ያንቺ ቃላት ከሐዋሳው ወንድማችን ቃላት ይልቅ ይቀላሉ። ረጅም ናቸው እንጂ የተገጣጠሙ ናቸው።

አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር። ግስ ሲያወርድ ያደገ ሰው ነው። እኔን ሲያስጠናኝ አንድ ቃል ብቻ አይቀበለኝም ነበር። "ቀደሰ" ካልኩ "ይቄድስ፣ ይቀድስ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ከዚያ "የወለዳቸውን ቁጠሪ" ይለኛል። ቅዳሴ፣ ቅዱስ፣ መቅደስ፣ ቅድስና፣ ቀዳሽ። አንዱን የያዘ ስድስቱን ያዘ። የሕክምና እንግሊዝኛም በግሪክና በላቲን ሥሮች እንዲሁ ይዋለዳል።

ጋስትር ጨጓራ ነው። ኔፍር ኩላሊት፣ ሄፓት ጉበት፣ ካርድ ልብ፣ ደርም ቆዳ። ከኋላ የሚለጠፉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። አይተስ መቆጣት ነው። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት። ኢሚያ የደም ነገር። ጋስትራይተስን አገራችን እያለሽም ሰምተሻል። ኔፍራይተስና ኔፍሬክቶሚን አሁን ያለ መጽሐፍ ፈታሻቸው። ሃይፖግላይሴሚያን ቆራርጪው፤ ሃይፖ ከልክ በታች፣ ግላይስ ስኳር፣ ኢሚያ ደም። ደም ውስጥ ያለ ስኳር ሲወርድ። የስኳር ታማሚ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ለነርሷ ስትነግሪ የኖርሽው ነገር ነው። ሕመሙን ታውቂዋለሽ፤ አሁን ስሙን ነው የምትማሪው።

ሁለት ቦታ ተጠንቀቂ። ሃይፐርና ሃይፖ በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። የፈረቃ ርክክብ ላይ በስልክ ከሰማሽ "ከፍ ያለ ነው ዝቅ ያለ?" ብለሽ ደግመሽ ጠይቂ። ማፈር የለም፣ የሰው ሕይወት ነው። ሌላው፣ መልክ ያመሳሰላቸው ሥሮች አሉ። ፔዲያትሪክስ (የልጆች ሕክምና) ውስጥ ያለው ፔድ ከግሪክ የመጣ ልጅ ነው። ፔዴስትሪያን (እግረኛ) ውስጥ ያለው ግን ከላቲን የመጣ እግር ነው።

ቋንቋሽንም እንደ ሰሚው ቀይሪ። ማስታወክ የታማሚው መዝገብ ላይ ኤሜሲስ ተብሎ ይጻፋል። ለባልደረባሽ ቮሚት ትያለሽ። አልጋው ላይ ያሉትን አባት ግን ትሮው አፕ አደረጉ ወይ ብለሽ ነው የምትጠይቂያቸው። መዝገብ ላይ ኮምፕሌይንስ ኦፍ የሚል ስታገኚ ደግሞ ሰውየው ያማርራል ማለት አይደለም። "ይህ ያመኛል አለ" ማለት ብቻ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ደብተር ላይ ጊዜ የለሽም። የሳምንቱን አሥር ሥሮች በራስሽ ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂ። ሥሩን በይ፣ አራት ሰከንድ ዝም በይ፣ ትርጉሙን ተናገሪ። አውቶቡስ ላይ እያዳመጥሽ በዝምታው መካከል ቀድመሽ መልሺ። ደክሞሽ ዓይንሽ የማይገለጥ ቀን እንኳ ጆሮሽ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ክብርት መምህርት፣ ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገባች። እስካሁን በአማርኛ ስትማር ጎበዝ ነበረች። አሁን ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነና ከክፍል የምትመለሰው አንገቷን ደፍታ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛውን ትተን እንግሊዝኛ ብንናገር ይሻላል? የእኔ እንግሊዝኛ ግን ደካማ ነው።
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አባቷ፣ እባክዎ አማርኛውን እንዳይተዉ። ልጅዎ ትነት ምን እንደሆነ በአማርኛ ገብቷታል፤ ብረት ድስቱ ክዳን ላይ የሚቋጠረውን ውሃ ታውቃለች። ኢቫፖሬሽን ለእሷ አዲስ ስም ብቻ ነው። ነገሩን ሳታውቅ ስሙን የሸመደደች ልጅ ግን ሁለቱንም ነው የምታጣው።

ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ይስጧት። የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ ታስረዳዎት። ከዚያ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ትንገርዎትና በራሷ ዓረፍተ ነገር ታስገባቸው። እንግሊዝኛዎ ደካማ መሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅማታል፤ እርስዎ እስኪገባዎት ድረስ ማብራራት አለባታ።

የምታነበው መጽሐፍ ከደረጃዋ አይብለጥ። ፖል ኔሽን የሚባሉ የቃላት ጥናት ሊቅ እንደሚሉት ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ወደ ገጽ ቢለውጡት፣ 250 ቃል ያለው ገጽ ላይ አምስት የማታውቀው ቃል ማለት ነው። ገጹን አንብባ ጣቷን ትቁጠር። አንድ እጅ ካለፈ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆይ፤ ቀለል ያለ ይፈለግላት። ለተማሪ ተብለው የቀለሉ የተረት መጻሕፍት አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ በርካሽ ይገኛሉ።

መዝገበ ቃላትም ሲገዙላት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻ አይሁን። ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ይጨምሩላት። ለምሳሌ የሎንግማኑ ፍቺዎች የተጻፉት በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ነው፤ አንዱን ቃል ስትፈልግ ሌሎቹን ትለማመዳለች። ሲያነቡላት ወይም ስታነብልዎት ያልገባዎትን ቃል ሳይተዉ ይጠይቋት።